ቁንጫ፣ ውሻ እና ማበጠሪያ

ባለፈው ክረምት ግቢያችን ውስጥ አምስት ቡችሎች ተወለዱ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላቸው ቁንጫ ወረራቸው። እኛም ብዙ ሰው የሚያደርገውን አደረግን። ለሰብል የተሠራ የተባይ ማጥፊያ ዱቄት ከገበያ ገዝተን ነሰነስንባቸው። ቁንጫው ሞተ። በማግስቱ ሁለቱ ቡችሎችም ሞቱ።

የተረፉትን ሦስቱን በካርቶን ይዘን ወደ እንስሳት ሐኪም ሮጥን። ሐኪሟ ዱቄቱን ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጠበችላቸውና «በዚህ ዕድሜያቸው መድኃኒት አልሰጣቸውም፤ የቅማል ማበጠሪያ ግዙና በየቀኑ አበጥሯቸው» አለችን። ግራ ተጋባን። በዚህ ዘመን ማበጠሪያ? ማታ ማታ ቡችሎቹን እያበጠርን ቀን ቀን የዚህን ዕቃ ታሪክ ስናነብ ግን፣ ያላወቅነው እኛ እንጂ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ገባን።

ለመሆኑ ጥርሱ የተቀራረበ ማበጠሪያ ስንት ዓመቱ ነው? እ.ኤ.አ. በ2016 በእስራኤል አገር፣ በጥንታዊቷ የላኪሽ ከተማ ፍርስራሽ፣ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ትንሽ ማበጠሪያ በቁፋሮ ተገኘ። ርዝመቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በአንድ ወገኑ ጸጉር የሚፈቱ 6 ወፋፍራም ጥርሶች፣ በሌላው ወገኑ ቅማልና ቅጫም የሚያወጡ 14 ቀጫጭን ጥርሶች ነበሩት። ላዩ ላይ የተጫረ ጽሑፍ እንዳለ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው፤ ንባቡ በ2022 ታተመ። 17 ፊደላት ናቸው፤ ማበጠሪያው የጸጉርንና የጢምን ቅማል እንዲነቅል ይመኛሉ። ተመራማሪዎቹ ዕድሜውን ወደ 3,700 ዓመት ይገምቱታል። በጥንቱ የከነዓናውያን ፊደል ተጽፎ የተገኘው የመጀመሪያው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይኸው ነው። ስለ ንጉሥም ስለ ጦርነትም አይደለም፤ ስለ ቅማል ነው! በጥርሶቹ መካከልም የቅማል ቅሪት ተገኝቷል።

ወደ ውሻው እንምጣ። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለ እርሻ የጻፈው ሮማዊው ኮሉሜላ ለውሻ ቁንጫ መላ ትቶልናል። ከሙንና ሄሌቦር የሚባል ሥር እኩል ወቅጦ በውሃ በጥብጦ መቀባት፤ ካልሆነም የቆየ የወይራ ዘይት አተላ ማፍሰስ። ሄሌቦር መርዛም ተክል ነው። እንግዲህ መርዝ በውሻ ላይ ማፍሰስ የጀመርነው እኛ አይደለንም ማለት ነው።

የማበጠሪያው መንገድ ደግሞ በመካከለኛው ዘመን አዳኞች ዘንድ ጎልቶ ይታያል። ፈረንሳዊው ባላባት ጋስቶን ፌቡስ በ1387 ስለ አደን መጽሐፍ መጻፍ ጀመረ። ከሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ የእንግሊዙ የዮርክ መስፍን ኤድዋርድ አብዛኛውን ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። እዚያ ላይ የአዳኝ ውሾችን የሚጠብቀው ልጅ ሥራ ተዘርዝሯል። ውሾቹን ፀሐይ ላይ ያወጣል፤ አንድ በአንድ ያበጥራቸዋል፤ በገለባ ያሻቸዋል። ይህንንም በየማለዳው። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ የመስፍኑን ስም ይዞ ዘልቋል፤ ያበጠሩት ልጆች ስም ግን የለም።

በ1665 ሮበርት ሁክ ቁንጫን በማይክሮስኮፕ አይቶ በትልቁ ሣለውና ዓለም ተደነቀ። በኋላ የመጡት ሳይንቲስቶች ደግሞ የውሻና የድመት ቁንጫ የሚመደቡበትን ወገን «ክቴኖሴፋሊደስ» አሉት፤ ከግሪክ ቃላት የተገኘ ስም ሲሆን ማበጠሪያ ራስ እንደማለት ነው። ስሙ ቀልድ አይደለም። ቁንጫው ጭንቅላቱና አንገቱ ላይ ወደ ኋላ የተደረደሩ እሾሆች አሉት፤ እነሱም ከጸጉር ጋር ያያይዙታል። ገላው ከጎንና ከጎን የተጨፈለቀ ስለሆነ በጸጉር መካከል ይሾልካል። ስለዚህ ሰፊ ጥርስ ያለው ማበጠሪያ አይዘውም፤ ጠባቡ ብቻ ይዘዋል።

20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማበጠሪያውን ሊያስረሳ ነበር። ፓውል ሙለር በ1939 የዲዲቲን ተባይ ገዳይነት አረጋገጠ፤ በ1948 ኖቤል ተሸለመበት። ብዙም ሳይቆይ ዲዲቲ የማይገድላቸው ቁንጫዎች መጡ፤ አሜሪካም በ1972 አገደችው። በ1990ዎቹ ለውሻ ተብለው የተሠሩ የተሻሉ መድኃኒቶች ወጡ። እነዚህን አናጣጥልም፤ ለአደገ ውሻ ሐኪም ሲያዝ ፍቱን ናቸው። ግን የዕድሜና የክብደት ገደብ አላቸው። የሦስት ሳምንት ቡችላ ከብዙዎቹ ገደብ በታች ነው። ቁንጫ ደግሞ ደሙን መጥጦ ሊገድለው ይችላል። በዚህ ክፍተት ላይ የቆመው ያው የጥንቱ ማበጠሪያ ነው።

ማበጠሪያ ብቻውን ግን አይበቃም። የቅማል ቅጫም ጸጉር ላይ ይጣበቃል፤ የቁንጫ እንቁላል ግን ይረግፋል። ስለዚህ መኝታቸውን በፍል ውሃ ማጠብ፣ ወለሉን መጥረግ የግድ ነው። ያበጠርነውን ሳሙና ባለው ውሃ ውስጥ እንነክራለን፤ አለዚያ ቁንጫው ዘሎ ይመለሳል። ጥቁር ፍርፋሪ ከወጣ እርጥብ ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉት። ቀይ ከለቀቀ አፈር አይደለም፤ የተፈጨ ደም ያለበት የቁንጫ ኩስ ነው።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ ከሦስቱ ቡችሎች ያወጣነውን ቁንጫ መቁጠር አቃተን። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ምሽት ሁለት ብቻ አገኘን። እናታቸውም በሐኪም ትእዛዝ የራሷን መድኃኒት ወሰደች። ሦስቱም ዛሬ አድገው በር ላይ ይጮሃሉ።

ዱቄቱን የመረጥነው ክፉ ስለሆንን አልነበረም፤ ቶሎ ስለሚያልቅልን ነው። ማበጠሪያው ግን ቶሎ አያልቅለትም። ቁጭ ብለህ፣ ቡችላውን ጭንህ ላይ አድርገህ፣ ጸጉሩን ገልጠህ እንድታየው ያስገድድሃል። ከሞቱት ከሁለቱ ቡችሎች አንዱንም እንዲህ አስተውለን አይተነው አናውቅም ነበር።