ፈረንሳይኛ በጅቡቲ መስኮቶች፦ ቋንቋውን ለሚማሩ ኢትዮጵያውያን የአክብሮት ሥርዓት

በጅቡቲ ከተማ የሚሠራ ኢትዮጵያዊ የትራንዚት ሠራተኛ በአንድ ጠዋት አራት ቋንቋ ሊያስፈልገው ይችላል። ከከባድ መኪና ሹፌሮች ጋር በአማርኛ፣ ከቢሮው ጥበቃ ጋር በሶማልኛ፣ ከየመናዊው ባለሱቅ ጋር በዓረብኛ ይግባባል፤ ማኅተም የሚያርፍበት ወረቀት ግን በፈረንሳይኛ የተጻፈ ነው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ዓረብኛንና ፈረንሳይኛን ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጓል። በቤትና በገበያ በይበልጥ የሚሰሙት ሶማልኛና አፋርኛ ናቸው። ፈረንሳይኛ የሚነግሠው በመሥሪያ ቤት መስኮት፣ በትምህርት ቤት፣ በባንክና በደብዳቤ ላይ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍት የፈረንሳዮችን ወግ የሚያስተዋውቁት በፓሪስ ቡና ቤት፣ በእራት ግብዣና ጉንጭ ለጉንጭ በመሳሳም ሰላምታ ነው። ወደ ጅቡቲ የሚሻገር ተማሪ ከዚህ የሚጠቀመው ጥቂት ነው። በጅቡቲ ሥር የሰደደው የመስኮቱና የወረቀቱ ሥርዓት ሲሆን፣ የማዕዱና የሰላምታው ወግ ግን የአገሬው እንደሆነ ቀርቷል። ስለዚህ ተማሪው ፈረንሳይኛው የት እንደሚጀምር ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያቆምም ማወቅ አለበት የሚለው የዚህ መጣጥፍ መከራከሪያ ነው።

ፈረንሳይኛ ለእኛ አዲስ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተነሣ፤ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከሐዲዱ ጋር ፈረንሳይኛ የሚናገር የባቡር ሠራተኛ ትውልድ በድሬዳዋ ተፈጠረ፤ ለገሃርም ስሙን ያገኘው ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» (ባቡር ጣቢያ) ነው። ልጅ ተፈሪ (በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ) በሐረር ከመምህራቸው ከአባ ሳሙኤል ፈረንሳይኛ ተምረዋል። እስከ ጣሊያን ወረራ ድረስም የተማረው ኢትዮጵያዊ ቀዳሚ የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ዛሬ ከአገራችን የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው በጅቡቲ ወደብ ሲያልፍ፣ ቋንቋው ለብዙ ሰው የእንጀራ ጉዳይ ሆኖ ተመልሷል።

በመስኮቱ ሥርዓት የመጀመሪያው ግዴታ ሰላምታ ነው። አማርኛ ተናጋሪ ትሑት ለመሆን ሲያስብ «ይቅርታ» ብሎ ይጀምርና ጥያቄውን ያስከትላል። በፈረንሳይኛ ግን «ቦንዡር» ሳይባል የቀረበ ጥያቄ፣ የቱንም ያህል በይቅርታ ቢታጀብ፣ ሰሚውን እንደ ዕቃ የቆጠረ ይመስላል። «ቦንዡር፣ መሲዩ» ወይም «ቦንዡር፣ ማዳም» ተብሎ፣ መልሱ ተጠብቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው ጉዳይ የሚነሣው። ሰላምታው ግን አጭር ነው። የአፋር ዳጉ ከመንገደኛ ዜናን ሁሉ ተቀብሎ ዜናን ሁሉ ይሰጣል፤ እኛም ስለ ቤተሰብና ስለ ጤና ሳንጠያየቅ አንላቀቅም። ሁለቱም መስኮት ላይ ቦታ የላቸውም። ጅቡቲያውያን ራሳቸው ብዙ ጊዜ በ«አሰላሙ ዓለይኩም» ከፍተው ወደ ፈረንሳይኛ ይሻገራሉ፤ ይህንን የሰማ ተማሪ ሰላምታውን በዚያው መመለሱ ተገቢ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ቱ» (አንተ ወይም አንቺ) እና «ቩ» ነው። «ቩ» እርስዎ ነው ብሎ ማስተማር ለመጀመሪያው ሳምንት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያሳስታል። ሮጀር ብራውንና አልበርት ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተሙት ታዋቂ ጥናት የአውሮፓ ቋንቋዎችን የአክብሮት ተውላጠ ስሞች በሁለት ኃይሎች አስረድተዋል፤ አንዱ ሥልጣን፣ ሌላው መቀራረብ ነው። በሥልጣን ሥርዓት ታናሽ ያከብራል፣ ታላቅ ያቀላል፤ ክብሩ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል። በመቀራረብ ሥርዓት ሁለቱም አንድ ዓይነት ቃል ይለዋወጣሉ። የዛሬው ፈረንሳይኛ በአዋቂዎች መካከል በይበልጥ ወደ ሁለተኛው አዘንብሏል። አማርኛ ግን ዕድሜንና ማዕረግን አጥብቆ ይዟል። ስለዚህ የአማርኛ ተናጋሪ ስሕተት የሚፈጠረው ሽማግሌ ፊት ሲቆም አይደለም፤ ለሽማግሌ «ቩ» ማለት ያለ አስተማሪም ይመጣለታል። የሚሳሳተው ከእርሱ በሚያንስ ሰው ፊት ነው። በሃምሳ ዓመቱ ጅቡቲ የገባ ነጋዴ የሃያ ሦስት ዓመቷን የባንክ ሠራተኛ «አንቺ» ቢላት በአማርኛ አባታዊ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ቱ» ቢላት ግን ክብር ነስቷታል። ለአስተናጋጁ፣ ለታክሲ ነጂውና ለዘበኛውም እንዲሁ ነው።

በቀድሞ ቅኝ ግዛት ይህ ተራ የሰዋስው ጉዳይ አይደለም። ፓትሪስ ሉሙምባ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1960 በኮንጎ የነፃነት በዓል ላይ ባሰሙት ንግግር ከቅኝ አገዛዙ ውርደቶች መካከል ጥቁሩ በ«ቱ» መጠራቱን፣ ያውም በወዳጅነት ሳይሆን የተከበረው «ቩ» ለነጮች ብቻ ስለተጠበቀ እንደነበር፣ ቆጥረው አንሥተዋል። ጅቡቲ ነፃ የወጣችው ከዚያ ከ17 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1977 ነው። በዚህች ከተማ ለአንድ ሠራተኛ «ቩ» ማለት ለዚያ ታሪክ የሚሰጥ መልስ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ከአዲስ አበባ የመጣን ሰዎችም ልንነፍገው አይገባም። በሌላ በኩል፣ በሶማልኛ የዕለት ንግግር ለአንድ ሰው በነጠላ መናገር ንቀት ስላልሆነ፣ ጅቡቲያዊ ወዳጅ በፈረንሳይኛም ቶሎ ወደ «ቱ» ሊሻገር ይችላል። ይህ መናቅ መስሎት የሚያኮርፍ አበሻ ወዳጁን በከንቱ ያጣል።

ከመስኮቱ አልፎ ወረቀቱ ይመጣል። ቅጹ «ኖም» እና «ፕሬኖም»፣ ማለትም የቤተሰብ ስምና የግል ስም፣ ይጠይቃል። ኢትዮጵያዊው የቤተሰብ ስም የለውም፤ ጅቡቲያዊውም በአብዛኛው የለውም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ሦስት ስማቸው የራሳቸው፣ የአባታቸውና የአያታቸው ነው፤ የእኛው ልማድ በሌላ ቋንቋ ማለት ነው። ስለዚህ መስኮቱ ወዲያና ወዲህ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ለሁለቱም ባዕድ በሆነ ሣጥን ውስጥ ስማቸውን ለማስገባት ይተባበራሉ። ዋናው ነገር ወጥነት ነው፤ በፓስፖርት ላይ የአባት ስም በየትኛው መስመር ከሰፈረ፣ በየቅጹ በዚያው መስመር ይስፈር። በንግግር ደግሞ «አቶ» ከግል ስም ጋር እንደሚሄድ ሁሉ «መሲዩ»ን ከግል ስም ጋር ማጣመር በፈረንሳይ ወግ አይለመድም፤ ስም ሳይጨመርበት ብቻውን ሙሉ አክብሮት ነው።

ደብዳቤ ላይ አማርኛ ተናጋሪው ከማንም ይልቅ ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። የፍራንኮፎን አፍሪካ ማመልከቻ የሚከፈተው አመልካቹ ጉዳዩን ለማቅረብ ክብር እንደሚሰማው በመግለጽ ሲሆን፣ የሚዘጋው ተቀባዩ የከበረ ሰላምታውን እንዲቀበሉት በሚለምን ረጅም ዓረፍተ ነገር ነው። እንግሊዝኛ ለለመደ ሰው ይህ ግብዝነት ይመስለዋል። «በታላቅ ትሕትና አመለክታለሁ» እያለ ላደገ ሰው ግን የታወቀ ዜማ ነው። ቢሆንም ልዩነት አለ፤ መዝጊያው በመክፈቻው የተጻፈውን ማዕረግ ሳያጓድል መድገም አለበት። «መሲዩ ለ ዲሬክተር» ብሎ የጀመረ ደብዳቤ በ«መሲዩ» ብቻ ቢዘጋ ጆሮ ይጎረብጣል።

ቤት ሲገባ ፈረንሳይኛው ያበቃል፤ ቃሉ ቢቀጥል እንኳ ወጉ ይለወጣል። በፈረንሳይ አንድ ነገር ተጋብዞ «መርሲ» ብቻ ያለ እንግዳ፣ በተለይ እጁን ከፍ ካደረገ፣ እንዳልፈለገ ይታመናል፤ ማንም «በሞቴ» አይለውም። እየተግደረደረ ሁለተኛውን ግብዣ የሚጠብቅ ኢትዮጵያዊ ፈረንሳዊ ቤት ጾሙን ሊያድር ይችላል። ጅቡቲያዊ ቤት ግን ግብዣው ይደገማል፣ ይሠለሳል። የጉንጭ ሰላምታም እንዲሁ በፈረንሳዮች መካከል የሚቆም ልማድ ነው። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት ከተማ ወንድ የሴትን እጅ ቀድሞ አይጠይቅም፤ እጇን ካልዘረጋች የራሱን እጅ ደረቱ ላይ አድርጎ ማጎንበስ ሙሉ ሰላምታ ነው።

ሰዓቱም የራሱ ሕግ አለው። የሥራው ሳምንት እሑድ ይጀምርና ሐሙስ ያልቃል፤ ስለዚህ መጽሐፉ ለዓርብ ያስተማረው «ቦን ዊኬንድ» በጅቡቲ ሐሙስ ቀን ይባላል። ሙቀቱ ሥራን ወደ ጠዋት ይገፋዋል፤ እኩለ ቀን አልፎ ከኢትዮጵያ የተጫነው ጫት ከተማ ሲገባ ደግሞ ጉዳይ ይዞ መስኮት ላይ መቆም ትርፉ ድካም ነው።

የአውሮፓ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የቋንቋዎች የጋራ ማዕቀፍ የአክብሮት ልማዶችን ማወቅ የቋንቋ ችሎታ አካል እንደሆነ አስፍሯል። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ፈረንሳይኛ የሚያስተምሩ መምህራን ይህን ክፍል በጅቡቲ ጉዳይ ቢሞሉት ተማሪው ብዙ ያተርፋል። የቡና ቤቱ ንግግር ይቅርና የጉምሩክ ቅጽ ወደ ክፍል ይምጣ። ተማሪዎች የአባታቸውን ስም የት እንደሚያሰፍሩ ይከራከሩ። ትልቁ ተማሪ ትንሹን በ«ቩ» እያነጋገረ፣ ትንሹም በ«ቩ» እየመለሰ፣ ሁለቱም አፋቸው እስኪፈታ ይለማመዱ።