የበርበሬው ዘርና የፈላስፎች «ቃል»

ውድ አድማጮቻችን፣ በተለይ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ በርበሬ የምታለሙ ቤተሰቦች፣ የዛሬው ወጋችን እንግዳ አይሆንባችሁም።

የበርበሬ ዘር በጥፍር ተሰንጥቆ ቢታይ ቅጠልም ቅላትም የለበትም። ሆኖም መደብ ላይ ተዘርቶ፣ ችግኙ ማሳ ላይ ሲተከል በርበሬ እንጂ ጤፍ አይሆንም። ይህን ማን አዘዘው?

ጥያቄውን አጥብቀው ከመረመሩት አንዱ ከ205 እስከ 270 እ.ኤ.አ. የኖረው ፕሎቲነስ ነው። በእስክንድርያ ተምሮ በሮም አስተማረ፤ 54 ድርሰቶቹን ደቀ መዝሙሩ ፖርፊሪ አሰናዳቸው። ቁልፍ ቃሉ «ሎጎስ» ነው፤ በግሪክኛ ቃልም፣ ምክንያትም፣ ሥርዓትም ማለት ነው። በእሱ አሳብ ከ«አንዱ» አእምሮ፣ ከአእምሮ ነፍስ ይመነጫሉ፤ ነፍስ ደግሞ በአእምሮ ያለውን ሥርዓት በሎጎስ አማካይነት ወደ ቁስ ታደርሳለች። በዘር ውስጥ ክፍሎቹ ሁሉ ሳይነጣጠሉ አብረው አሉ፤ ሎጎሱም ያለ እጅና ያለ መሣሪያ ከውስጥ ሆኖ ቅርጽ ያወጣል።

ይህ አሳብ ወደ ሙስሊሙ ዓለም የገባው በባግዳድ በኩል ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑ ናዒማ አል-ሒምሲ የተባለ ክርስቲያን ከፕሎቲነስ ድርሰቶች የተውጣጣ መጽሐፍ ወደ ዐረብኛ መለሰ፤ አል-ኪንዲም ለኸሊፋ አል-ሙዕተሲም ልጅ ለአሕመድ አረመው። ሎጎስ «ከሊማ» ተባለ። የሚገርመው፣ መጽሐፉ የአሪስቶትል ነው ተብሎ ነበር የተሰራጨው! አል-ፋራቢን የሚያህል ሊቅ በዚያው ስም ተቀብሎ ፕላቶንና አሪስቶትልን ለማስታረቅ ተጠቀመበት።

ከስሙ ስሕተት የከበደው ግን ሌላ ነበር። ዓለም ከፈጣሪው የሚፈሰው ብርሃን ከፀሐይ እንደሚወጣ በግድ ከሆነ፣ የአላህ ፈቃድ የት አለ? ኢማም አል-ገዛሊ በ1095 እ.ኤ.አ. በጨረሱት «ተሃፉት አል-ፈላሲፋ» ፈላስፎቹን በ20 ጉዳዮች ሞገቱ። ጥጥ እሳት ሲነካው መቃጠሉ አላህ ያስለመደው ልማድ እንጂ በራሱ የቆመ ግዴታ አይደለም አሉ። ገብስ የዘራ ስንዴ እንደማያጭድ ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አምነዋል።

ቃዲ ኢብኑ ሩሽድ በ1180 ገደማ በጻፉት ምላሽ፣ ምክንያትን መካድ አእምሮን መካድ ነው ብለው ተከራከሯቸው። በእኛ ግምት ኢማሙ የካዱት የዘሩን ሥርዓት ሳይሆን ሥርዓቱ ያለ አላህ ፈቃድ ቆሟል መባሉን ነው። ይህን ሳይለዩ «ገዛሊ ዕውቀትን ገደሉ» የሚሉ ሰዎች መጽሐፉን የከፈቱት አይመስለንም።