ሃያ አንድ ቀን ለብቻ

ጆሮ ስጡኝ። ተረት ልነግራችሁ ቢሆን «ተረት ተረት» ብዬ «የመሠረት» ባስባልኳችሁ ነበር። ይህ ግን ተረት አይደለም። በጌምድርም፣ ጎጃምም፣ ሸዋም «ክፉ ቀን» ብሎ የሚያስታውሰው የእውነት ዘመን ነው።

ነገሩ የተጀመረው ከእኛ ሩቅ ነው፤ ከጉና ተራራ አናት ላይ ቆመው ቢያማትሩ እንኳ በማይታይ የባሕር ዳርቻ። ጥር 1879 ዓ.ም. ራስ አሉላ ዶጋሊ ላይ የጣልያንን ጦር ደመሰሱ። ሮም ቂም ቋጠረች። 1880 ሲገባ ጄኔራል ሳን ማርዛኖ ብዙ ሺህ ወታደር አስከትሎ ምጽዋ ላይ ሰፈረ። ያ ሁሉ ሰው ሥጋ ይበላል፤ ስንቁና መድፉም ጎታች ይፈልጋል። ስለዚህ በመርከብ ከብት መጣለት። ዘመኑን የመረመሩት ጸሐፊዎች አብዛኞቹ እንደሚሉት ከብቱ የመጣው ከህንድ ነው። ከመርከብ ወረደ፤ በዚያው ከአገሬው ከብት ጋር ተደባለቀ።

«እስቲ ትንሽ ለብቻው ይሰንብት» ያለ ሰው አልተገኘም።

ባለማወቅ ነው እንዳትሉኝ። እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ላይ ነው። ያው የከብት በሽታ፣ እኛ ደስታ የምንለው፣ ከዚያ ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት ጣልያንን ራሷን አራቁቷት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1710ዎቹ ከብቷ ሲረግፍ የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሐኪም ላንቺሲ መላውን ተናግሮ ነበር፤ የታመመውን ግደሉ፣ ከኖራ ጋር ቅበሩ፣ ከብት ከቦታ ቦታ እንዳይነዳ መንገዱን ዝጉ አለ። ትምህርቱ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሮም ውስጥ ተቀምጧል፤ ከብቱ ግን ምጽዋ ላይ ወረደ።

አሁን የበሽታውን ጠባይ ልንገራችሁ፤ ይህን ካልያዛችሁ የቀረው አይገባችሁም። ደስታ ከብቱ ውስጥ ከገባ በኋላ ከሦስት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት አድፍጦ ይቆያል። በሬው ይበላል፣ ያመነዥካል፣ ጅራቱን ይወዘውዛል። ከዚያ ያተኩሰዋል፤ ዓይኑ ያነባል፣ አፍንጫው ይዝረከረካል፣ አፉ ይቆስላል፣ ተቅማጡ ይይዘዋል፤ ብዙ ቀን ሳይቆይም ይወድቃል። ክፋቱ ምን መሰላችሁ? ምልክቱ ከመታየቱ አንድና ሁለት ቀን አስቀድሞ ወደ ሌላው መተላለፍ ይጀምራል። ገበያ ላይ ጥርሱን ገልጠህ፣ ሻኛውን ዳብሰህ፣ «ደህና ነው» ብለህ የገዛኸው በሬ በዚያች ሌሊት በሽታውን ወደ በረትህ ሁሉ ሊያዛምት ይችላል። ዓይን አያድንም፤ የሚያድነው ቀን መቁጠር ነው። በኋላ ዓለም አቀፉ የእንስሳት ጤና ሕግ ለዚህ በሽታ ቁርጥ አድርጎ 21 ቀን ብሏል።

ይህን አዲሱን ለይቶ ቀን የመቁጠር ሥርዓት ዛሬ አጥብቀው ሲጠብቁ የምታገኟቸው እነማንን መሰላችሁ? በመስታወት ገንዳ የጌጥ ዓሣ የሚያረቡትን። ዐዋቂው አርቢ አዲስ የገዛውን ዓሣ ከነባሮቹ ጋር አይጨምርም። ሌላ ዕቃ፣ ሌላ ውኃ፣ ሌላ መረብ ይሰጠውና አራት ሳምንት ያህል ያየዋል። በዓሣ ገላ ላይ እንደ ጨው የተነሰነሰ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣ ጥገኛ ተባይ አለ፤ መጀመሪያ ከቆዳው ሥር ተደብቆ ያድጋል፣ ከዚያ ረግፎ ገንዳው ወለል ላይ ይባዛል፣ በመጨረሻ ልጆቹ እየዋኙ ሌላ ዓሣ ይፈልጋሉ። መድኃኒት የሚያገኘው በዚያች በሚዋኙባት ጊዜ ብቻ ነው። ውኃው ሞቃት ከሆነ ዙሩ በቀናት ያልቃል፤ ከቀዘቀዘ ሳምንታት ይወስዳል። እንግዲህ የበጌምድሯን ደብረ ታቦርን ብርድ ታውቁታላችሁ። እዚያ ያለማሞቂያ ዓሣ የሚያኖር ሰው ቆላ ካለው ወንድሙ ይልቅ ረዘም አድርጎ መጠበቅ አለበት። ለአንዲት ጣት ለምታክል ዓሣ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ! ምጽዋ ላይ ለወረደው በሬ ግን አንዲት ቀን አልተቆጠረለትም።

ወደ ታሪኬ ልመለስ። በሽታው ከምጽዋ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ሐማሴን ወጣ፣ ትግራይ ገባ። ደግሞ ዘመኑ የዘመቻ ነበር፤ ጦር ሲዘምት ከብት ይነዳል፤ የሚነዳ ከብት ደግሞ በሽታን በእግሩ ያስኬዳል። ጥር 1880 የሱዳን ደርቡሽ ጎንደርን አቃጠለ። በዚያው ዓመት መጋቢት ዐፄ ዮሐንስ ብዙ ሠራዊት ይዘው ሰሐጢ ድረስ ወርደው ከጣልያን ምሽግ ፊት ለፊት ሰፈሩ፤ ሳይዋጉም ተመለሱ። ያ ሠራዊት የተመለሰው ደስታ ከሚፈጅበት አገር ነው። ከዚያ ወደ ጎጃም ዘመቻ፣ ከዚያ ወደ መተማ። ካርታ ዘርጉና ተመልከቱ፤ ይህ ሁሉ ምልልስ በጌምድርን የሚረግጥ ነው። ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ ጀምሮ የመሳፍንት መቀመጫ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ መድፍ ያስቀለጡባት፣ ዐፄ ዮሐንስም ደጋግመው የሰነበቱባት ከተማ ናት። ክብሯ የመንገድ ሁሉ መገናኛ አድርጓታል፤ መንገዱ ደግሞ ለበሽታውም መንገድ ነበር።

የፎገራን ሜዳ አስቡት። ርብና ጉማራ የሚያጠጡት፣ ግጦሹ የወል፣ ውኃው የወል። አንዲት የታመመች ላም ከገባች ማን ማንን ይከለክላል? ከዚያ ሽቅብ ወደ ፋርጣ፣ ወደ እስቴ፣ ወደ ጋይንት፣ በሬ ያለበት ሁሉ ተነካካ። በመላ አገሪቱ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙ አለቀ ተብሎ ይገመታል።

እናንተ የከተማ ልጆች ከብት ሞተ ሲባል ወተትና ሥጋ የቀረ ይመስላችኋል። በሬ ሞተ ማለት ሞፈርና ቀንበር ግድግዳ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው። ዘር ቢኖር የሚያርስ የለም። በዚያ ላይ ዝናቡ ጠፋ፤ አንበጣ መጣ፣ ተምች መጣ፣ አይጥ መጣ። የእህል ዋጋ ሰማይ ነካ። ሰው ቁርበት ቀቅሎ በላ። ኮሌራና ፈንጣጣ የተረፈውን ለቀመው። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ የሚሉ አሉ። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ወደቁ። የነገሡት ዐፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱ ዓይቶ እንዲቆፍር፣ ገበሬው በሬ የለኝም ብሎ እንዳይቀመጥ። ንጉሥ ዶማ የያዘበት ዘመን እንዲህ ያለ ነው!

በሽታው በእኛ አልቆመም። ወደ ደቡብ ወረደ፤ የማሳይን ከብት ፈጀ፣ እ.ኤ.አ. በ1896 የዛምቤዚን ወንዝ ተሻገረ። ደቡብ አፍሪካ ላይ ረጅም አጥር አጥረው ሊያግዱት ሞከሩ፤ አጥሩን አልፎ ሄደ። ስመ ጥሩው ጀርመናዊ ሐኪም ሮበርት ኮኽ ሳይቀር መላ ሊፈልግ ኪምበርሌይ ድረስ መጣ።

አሁን ስሙ፣ ዋናው ጉድ እዚህ ነው። ከምጽዋ 33 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ከህንድ ወደ ብራዚል የሚጓዝ ከብት የጫነ መርከብ ቤልጅየም፣ አንትወርፕ ወደብ ላይ ቆመ። ከብቶቹ ለእረፍት ወረዱ። ደስታ የቤልጅየምን ከብት ያዘ። ያው ህንድ፣ ያው መርከብ፣ ያው ስህተት። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ቤልጅየም ገበያውን ዘጋች፣ የታመመውን አረደች፣ በወራት ውስጥ በሽታውን አጠፋች። መንግሥታትም ደነገጡ፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1924 ሃያ ስምንት አገሮች ፓሪስ ላይ ተሰብስበው ዓለም አቀፉን የእንስሳት ጤና ድርጅት መሠረቱ። በጌምድር ሲያልቅ ግን ማንም ለስብሰባ አልተጠራም። ይህን ስል ቅሬታ አለብኝ፤ አልደብቅም።

የደስታ መጨረሻ ግን በእኛውና በጎረቤታችን ምድር ከተሠሩ ሥራዎች ጋር የተያያዘ ነው። ፕላውራይት የሚባለው እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ኬንያ ላይ ጥሩ ክትባት ሠራ። ክትባቱ በረዶ ይፈልግ ነበር፤ አፋር በረሃ ላይ በረዶ ከየት ይምጣ? ኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተገኘ። በ1990ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ከአርብቶ አደሩ መሀል የሠለጠኑ ሰዎች በእግራቸው እየዞሩ ከተቡበት፤ በአፋር መጨረሻ የታየው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ነፃ መሆኗ ተመሰከረላት፤ በ2003 ደግሞ ደስታ ከዓለም ጠፋ ተብሎ ታወጀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ሆን ብሎ ከምድር ገጽ ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው።

ቢሆንም ዘመዱ አልሞተም። የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ዛሬም አለ፤ ዓለም እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ሊያጠፋው ቀጠሮ ይዟል። ለፋሲካ ክምር ድንጋይ ወይም ጋሳይ ገበያ ላይ አንዲት የፋርጣ በግ ገዝታችሁ ወደ መንጋችሁ ልትጨምሩ ነው እንበል። እንደ ዓሣ አርቢው አድርጉ ማለት ቀላል ነው፤ የደጋ ገበሬ ግን ሁለተኛ በረት የለውም፤ በጉ ከሰው ጋር አንድ ጣራ ሥር የሚያድርበት ቤት ብዙ ነው። ክትባት አስወጋለሁ ብትሉም በዚያው ዕለት አይጠብቅም፤ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ የምትችሉትን አድርጉ፤ ጓሮ ካለው የባሕር ዛፍ ሥር እሰሯት፣ ድርቆሿንና ውኃዋን ለይታችሁ ስጧት፣ የቤቱን በጎች አስቀድማችሁ ቀልባችሁ ወደ እሷ በመጨረሻ ሂዱ። ብቻዋን ስትጮህ ልጆች አዝነው እንዳይፈቷት ደግሞ አስጠንቅቋቸው፤ ይፈቷታልና!