ሐኪም የማያየው ሕመም

እ.ኤ.አ. በ1994 በካርዲፍ የወጣው ባለ10 ጥያቄ የቆዳ ሕመም መጠይቅ፣ ሕመሙ ስፖርት እንዳይሠሩ አድርጎ እንደሆነም ይጠይቃል። ባዶ እግሩን የሚያርስን የዝሆኔ ሕመምተኛ ስለ ስፖርት መጠየቅ! መጠይቁ በአማርኛ ተተርጉሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ሕመምተኞች ላይ ተፈትሿል።

ቢቸናና ሞጣ በሚገኙበት በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕመምተኞችን ያሳተፈው፣ ውጤቱም በ2018 የታተመው «ጎልቤት» ጥናት ግን ዋና መለኪያው ሌላ ነበር፦ እግሩ በድንገት እየጋለና እየቆጠቆጠ ሰውየውን ስንት ጊዜ ጣለው? ይህን ሐኪም አያየውም፤ ያን ዕለት ሕመምተኛው ቤቱ፣ መደብ ላይ ነው። ቆጣሪው ራሱ ነው። የእግር ማጠቢያ፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ወዲያው ያገኙት በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ወደቁ፤ ተራ የጠበቁት 23.9 ጊዜ። በወረቀት ትንሽ ይመስላል፤ በሰኔ ለሚያርስ ግን ትንሽ አይደለም። ተራ ጠባቂዎቹም ከ12 ወር በኋላ ያንኑ ሕክምና አገኙ።