ከካቤቴ እስከ ወረር፤ የስንዴ ዘርና የውኃ ልክ

በናይሮቢ ከተማ ከዌስትላንድስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ብዙም ሳይርቅ ካቤቴ ይደርሳል። በዚያ የነበረው የስኮት የእርሻ ላቦራቶሪ በቅኝ አገዛዝ ዘመን የኬንያ የሰብል ምርምር ዋና ስፍራ ነበረ። ያው መንገድ ወደ ናኩሩ ያደርሳል፤ ከናኩሩ አጠገብ ደግሞ ንጆሮ አለ። ሎርድ ዴላሜር የተባለው እንግሊዛዊ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በንጆሮ የዘራውን ስንዴ ዋግ አጠፋበትና፥ ዋግን የሚቋቋም ዘር የሚያዳቅልለት ባለሙያ በገንዘቡ ቀጠረ። በ1927 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፤ የሚከተሉትም እንዲሁ ናቸው) መንግሥት በዚያው ስፍራ የዘር ማዳቀያ ጣቢያ አቆመ።

ዋግ ርጥበትን ይወዳል። ስለዚህ ዝናም በበዛበት ደጋ አዳቃዩ ምርትን ብቻ ቢመርጥ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ንጆሮና በአርሲ የሚገኘው ቁሉምሳ ከፍታቸው ወደ 2,200 ሜትር የሚጠጋ በመሆኑ፥ የኬንያ ዘሮች ኢትዮጵያን በቶሎ ለመዷት፤ ኬ 6290 ቡልክና ኬ 6295-4ኤ የሚባሉት ስማቸው ራሱ መነሻቸውን ይናገራል። ሆኖም የዋግ መቋቋም ዘላለማዊ አይደለም። በ1974 ለገበሬ የተሰጠው እንኮይ ሃያ ዓመት ያህል ካገለገለ በኋላ፥ በ1993 እና በ1994 በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ተመታ፤ በእርሱ ተማምኖ ማሳውን ሁሉ የሸፈነው ባላገርም አዝመራውን አጣ።

በቆላው ችግሩ ሌላ ነው። ውኃ የጠገበ ስንዴ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ ያወጣል፤ ዝናሙ በአበባው ወራት ቢቋረጥ ግን ያን ሁሉ አገዳ የሚመግብ ርጥበት ስለማይተርፍ ፍሬው ይቀጭጫል። በመስኖ ማሳ አንደኛ የወጣው ዘር በድርቅ ማሳ ከመጨረሻዎቹ ተርታ የሚገኘው ስለዚህ ነው። በዚያ የሚረባው ፈጥኖ አብቦ ፈጥኖ የሚደርሰው ነው። ኬንያውያን ለደረቅ አገራቸው ካወጧቸው ዘሮች አንዱን ንጋሚያ ብለውታል፤ በስዋሂሊ ግመል ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣለት ሰው ነገሩ ገብቶታል።

በደረቅ ማሳ መምረጥ ግን እጅግ ያስቸግራል። አፈሩ እዚህ ጥቂት ጠለቅ፥ እዚያ ጥቂት ሳሳ ቢል፥ ብልጫው የዘሩ ይሁን የመሬቱ አይለይም። ስለዚህ አንዱ ዘር በየስፍራውና በየዓመቱ ተደጋግሞ ይዘራል። ኖርማን ቦርሎግም በሜክሲኮ የስንዴውን ትውልድ በመስኖ ከሚለማው ከያኪ ሸለቆ ዝናም ወደሚበዛበት ወደ ቶሉካ ደጋ ያመላልስ ነበር። በመጀመሪያ አለቆቹ ሐሳቡን አልወደዱለትም፤ ሆኖም በሁለቱም ስፍራ ፈተናውን ያለፈው ዘር በብዙ አገር በቀለ።

በኢትዮጵያ ይህን የመሰለው ፈተና በአፋር በወረር ይታያል። ስፍራው 750 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፥ ዝናሙ ጥቂት፥ ውኃውም ከአዋሽ የሚቀዳ ነው። በዚያ የሚያስጨንቀው ሙቀቱ በመሆኑ፥ ፈንታሌና አሚባራ የተባሉት ዘሮች በቀዝቃዛው ወራት አድገው በጋው ሳይበረታ እንዲደርሱ ተመርጠዋል። ዘሩ ቢገኝም ውኃው ራሱ ጠባቂ ይሻል፤ መስኖ ያለ ማፍሰሻ ሲበዛ ጨው ወደ አፈሩ ገጽ ይወጣል፤ በአሚባራም ከጥጥ እርሻው ዘመን ጀምሮ በዚህ ምክንያት የተተዉ ማሳዎች አሉ።