የዓባይ መለኪያ ምን በልቶ ይከርማል?

ስለ ዓባይ ሲወራ ግድቡና ድርድሩ ይነሳል። ውሃውን የሚለካው ዕቃ በምን ጉልበት እንደሚሠራ የሚጠይቅ ግን የለም። ጉዳዩ ከላይ ከምንጩ ይጀምራል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ጀምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ኮከብ እያየ ቦታውን ለካ። ባትሪ ገና አልተሠራም፤ ቮልታ የሠራው በ1800 ነው። ከ1958 እስከ 1964 ዩኤስቢአር የተባለው የአሜሪካ መንግሥት ቢሮ ከመንግሥታችን ጋር ተፋሰሱን ሲያጠና በወንዞቹ ላይ መለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ። የዚያ ዘመን መዝጋቢ ባትሪ አይፈልግም፦ ተንሳፋፊው ከውሃው ጋር ይወጣል ይወርዳል፣ በቁልፍ የሚሞላ ሰዓት ወረቀቱን ያዞራል። አጠገቡ ቁጥር የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል፤ የአካባቢው ሰው ጠዋትና ማታ እያነበበ ይጽፋል። ሰዓቱ ቢቆም ሰውየው አለ።

ዛሬ የሚተከለው ገመድ አልባ ሴንሰር ነው። ሁልጊዜ ይተኛል፤ በየ15 ደቂቃው ለአፍታ ነቅቶ ለክቶ ይልካል። ተኝቶ 10 ማይክሮአምፔር ቢወስድ በዓመት 88 ሚሊአምፔር ሰዓት ነው። ጣት የምታክል አልካላይን ድንጋይ ከ2000 በላይ ትይዛለች፤ በወረቀት ላይ 20 ዓመት! ጉዱ የሚመጣው ሲነቃ ነው። በ2ጂ የሚልክ ከሆነ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይጠይቃል።

የቡሬና የፍኖተ ሰላም ገጠር ሰው ይህን ከሬዲዮ ያውቀዋል። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሲመለስ ሬዲዮው ትንሽ ያወራል፤ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉት ጸጥ ይላል። ጉልበት ቀርቶታል፣ በአንዴ ማውጣት ግን አቅቶታል።

ሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ የሚባለው ድንጋይ ተቀምጦ በዓመት 1 በመቶ ገደማ ብቻ ይመነምናል። እሱም ግን በአንዴ ብዙ አይሰጥም፤ ረጅም ተኝቶ ሲቀሰቀስም ቮልቴጁ ይወርዳል። ካፓሲተር ካልተደረበለት ዋጋው ከንቱ ነው።

«ሶላር ግጠሙበት» የሚሉ አሉ። ለበጋ ልክ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን የሰከላ ሰማይ ለቀናት አይገለጥም፤ ወንዙ የሚሞላውም ያኔ ነው። ባዶውን የሚከርም የእርሳስ አሲድ ባትሪ ደግሞ ዳግመኛ በወጉ አይሞላም። ጎርፉ ሲያልፍ መለኪያው ጠፍቷል። የጎደለው የነሐሴ ሳምንት በግምት ይሞላል፤ ለድርድር የምንይዘው የዓመቱ ድምርም በዚያ ግምት ላይ ይቆማል።

እኔ ብመርጥ ለሎራ ሬዲዮ ሊቲየሙን ከካፓሲተር ጋር፣ ለ2ጂ ደግሞ አሥር ደመናማ ቀን የሚያሻግር ባትሪ ያለው ሶላር እወስዳለሁ። ሰሌዳውንና አንባቢውን ግን አላነሳም።