ፊንስበሪ ማዕከላዊ (የምርጫ ክልል)

ፊንስበሪ ማዕከላዊ ከ1885 እስከ 1918 ለብሪታንያ ፓርላማ የታችኛው ምክር ቤት አንድ ተወካይ ይመርጥ የነበረ የለንደን የምርጫ ክልል ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ33 ዓመታት ውስጥ ስድስት ሰዎች ብቻ ወክለውታል። ስሙ በታሪክ የሚነሳው በተለይ በ1892 ምርጫ ነው፤ በዚያ ዓመት ህንዳዊው ዳዳባይ ናኦሮጂ በ5 ድምፅ ብልጫ አሸንፈውበታል።

አመሠራረት

ፊንስበሪ ከ1832 ጀምሮ ሁለት ተወካዮች የሚመርጥ አንድ ክልል ነበር። በ1885 የፓርላማ መቀመጫዎች እንደገና ሲደለደሉ ተከፋፈለ፤ ማዕከላዊው ክፍልም በዋናነት ክለርከንዌልን ያዘ። ክለርከንዌል በሰዓት ሠሪዎቹና በጌጣጌጥ አንጥረኞቹ የታወቀ የእጅ ባለሙያዎች ሰፈር ነበር። ሴቶች አይመርጡም፤ ቋሚ መኖሪያ የሌላቸው ብዙ ድሃ ወንዶችም ከመዝገብ ውጭ ነበሩ። በ1892 ሁለቱ ዋና ተወዳዳሪዎች ያገኙት ድምፅ ተደምሮ 6,000 ያልሞላው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ተወካይ የሊበራል ፓርቲው ሃዋርድ ስፔንስሊ ነበሩ። በ1886 ሊበራሎች በአየርላንድ የራስ አስተዳደር ጉዳይ ሲከፋፈሉ መቀመጫው ለወግ አጥባቂው ፍሬደሪክ ፔንተን ሆነ። የአካባቢው የፔንተንቪል ሰፈር ስሙን ያገኘው ከፔንተን ቤተሰብ ነው።

የ1892 ምርጫ

ናኦሮጂ የቦምቤይ ፓርሲ፣ የሒሳብ መምህርና ነጋዴ ነበሩ። ህንድ የደኸየችው ሀብቷ በየዓመቱ ወደ ብሪታንያ ስለሚፈስ ነው ብለው በአኃዝ እያስደገፉ ይከራከሩ ነበር። በ1886 በአጎራባቹ የሆልቦርን ክልል ተወዳድረው ተሸንፈዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሶልስበሪ በኤዲንብራ ንግግራቸው ይህን ሽንፈት አንስተው፣ የብሪታንያ መራጮች «ጥቁር ሰው» የሚመርጡበት ጊዜ ገና አልደረሰም የሚል ሐሳብ ተናገሩ። ንግግሩ ትልቅ ጫጫታ አስነሣ። ናኦሮጂ ከሶልስበሪ ይልቅ ይቀላሉ ብለው የቀለዱም ነበሩ። ያም ሆነ ይህ፣ ስድቡ ናኦሮጂን ከየትኛውም የምርጫ ቅስቀሳ በላይ በአገሩ ሁሉ አስተዋወቃቸው።

በፊንስበሪ ማዕከላዊ ዕጩ መሆንም ቀላል አልነበረም፤ የአካባቢው ሊበራሎች በጉዳዩ ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል። ከደጋፊዎቻቸው መካከል ፍሎረንስ ናይቲንጌል ትገኝበታለች። በመጨረሻ ናኦሮጂ 2,961፣ ፔንተን 2,956 ድምፅ አገኙ። (አንዳንድ ጽሑፎች ከድጋሚ ቆጠራ በኋላ ልዩነቱን 3 ያደርጉታል።) ስማቸውን መጥራት የተቸገሩ እንግሊዛውያንም «ናሮው ማጆሪቲ»፣ ማለትም «ጠባብ ብልጫ»፣ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር።

ናኦሮጂ ብዙ ጊዜ «የመጀመሪያው እስያዊ የፓርላማ አባል» ይባላሉ። ከእሳቸው በፊት በ1841 ከህንድና ከአውሮፓ ቤተሰብ የተወለደው ዳይስ ሶምበር በሰድበሪ ተመርጦ ነበር፤ ነገር ግን ምርጫው በጉቦ ምክንያት በ1842 ተሰርዟል።

ናኦሮጂ በምክር ቤቱ በዋናነት ስለ ህንድ ጉዳይ ይናገሩ ነበር። በ1893 የህንድ ሲቪል ሰርቪስ ፈተና በለንደንና በህንድ በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ የሚጠይቅ ውሳኔ አለፈ፤ መንግሥት ግን ተግባራዊ አላደረገውም። እስከዚያ ድረስ ፈተናው ለንደን ላይ ብቻ ስለሚሰጥ፣ ለአብዛኛው ህንዳዊ ወጣት በሩ በመርከብ ዋጋ ብቻ የተዘጋ ነበር።

ከ1895 በኋላ

በ1895 ሊበራሎች በአገር አቀፍ ደረጃ ሲሸነፉ ናኦሮጂም መቀመጫቸውን ለወግ አጥባቂው ዊልያም ማሲ-ሜይንዋሪንግ ለቀቁ። በዚያው ምርጫ ሌላ ፓርሲ፣ ማንቸርጂ ባውናግሪ፣ በለንደን ቤትናል ግሪን ተመረጡ፤ እሳቸው ግን ወግ አጥባቂና የናኦሮጂ ሐሳብ ተቃዋሚ ነበሩ።

በ1906 የሠራተኛ ማኅበራት መሪው ዊልያም ስቴድማን መቀመጫውን ለሊበራሎች መለሱ። በጥር 1910 ግን ወግ አጥባቂው ማርቲን አርቸር-ሺ አሸነፉ፤ በ1918 ክልሉ ተሰርዞ በአንዱ የፊንስበሪ ክልል ሲተካም አዲሱን መቀመጫ ይዘው እስከ 1923 ቆይተዋል። ዛሬ በቀድሞው ክልል ውስጥ በናኦሮጂ ስም የተሰየመ መንገድ ይገኛል።